ስፕሪሱን ለእኛ፣ ልጣጩን ለቀሃ

የጎንደር ሰው ሆይ፣ ዛሬ ልቆጣ ነው። ራሴንም ጨምሬ።

ሰሞኑን ፒያሳ አንድ ጁስ ቤት ገብቼ ስፕሪስ አዘዝኩ። ልጁ ማንጎውን ላጠ፣ አቮካዶውን ከፈለ፣ ብርቱካኑን ጨመቀ። ሰማያዊው ባልዲ በልጣጭ ሞላ። ማታ የት እንደሚደፋ ለማየት ቆየሁ (ሥራ ፈት በሉኝ)። ወጥቶ ቦዩ ውስጥ ገለበጠው። ክረምት ሲገባ ጎርፉ ያን ሁሉ ጠራርጎ የት እንደሚያደርሰው እናውቃለን። ቀሃ ነው። ያው ለጥምቀት የፋሲልን መዋኛ የሚሞላልን፣ ጥር 11 ጠብታው እንዲደርሰን የምንጋፋለት ቀሃ!

ብርቱካን ሲጨመቅ ግማሽ ያህሉ ክብደት ልጣጭና ገለባ ሆኖ ይቀራል። የከፈላችሁበትን ግማሹን እየደፋችሁ ነው ማለት ነው። ባዶ ነገር ደግሞ አይደለም። የብርቱካን ልጣጭ ሄስፐሪዲን አለው፤ የማንጎው ማንጊፈሪን፤ ሁለቱም ተመራማሪዎች ለጤና ይጠቅሙ እንደሆነ የሚያጠኗቸው የዕፅዋት ንጥረ ነገሮች ናቸው። ማርማላታን የሚያረጋው ፔክቲንም ከዚሁ ከብርቱካንና ከሎሚ ልጣጭ ይወጣል። ፈረንሳዊው ኬሚስት ብራኮኖ ፔክቲንን የለየው እ.ኤ.አ. በ1825 ነው። ሁለት መቶ ዓመት ሆነው። ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም፤ እኛ ቦይ ውስጥ የጣልነውን ማን ዋጋ ይስጠው?

ሌሎቻችሁ ደግሞ አትጥሉትም። ቲክቶክ አይታችሁ መድኃኒት ነው ብላችሁ ትቀቅሉታላችሁ። እኔም ቀቅያለሁ። የብርቱካን ልጣጭ በድስት ጥጄ አንድ ሰዓት ሙሉ አንተከተክሁት። ላቦራቶሪ የሚሠራ የአክስቴ ልጅ መጥቶ ክዳኑን ከፈተና ሳቀ።

«ቡና ሳትወቅጥ ጀበና ውስጥ ትጨምራለህ?» አለኝ።

«አልጨምርም።»

«ታዲያ ይሄን ምነው እንደ ቆዳ ሙሉውን ጣድከው?»

እውነቱን ነው። ነገሩ ሁሉ ጀበናው ላይ አለ። ልጣጩ ጥላ ላይ ይደርቃል፤ ጠራራ ፀሐይ ይጎዳዋል። ከዚያ ይደቅቃል፤ የደቀቀው ቶሎ ይለቃል። ውሃው ሲበዛ የወጣው ይቀጥናል፣ ሲያንስ ውስጡ ይቀራል። ደግሞ ሁሉንም ውሃ ባንዴ ከመጨመር ከፋፍሎ ደጋግሞ ማውጣት ይሻላል። እናቶቻችን አቦል፣ ቶና፣ በረካ የሚሉት ይሄንኑ ነው፤ ስሙን በላቦራቶሪ ቋንቋ አይጥሩት እንጂ።

ሙቀት ላይ ነው የምንሳሳተው። እሳት ሲበዛ ጥቅሙም የሚበዛ ይመስለናል። ጎንደር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃዋ 93 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። ያም ቢሆን ለረጅም ሰዓት ሲሆን ቫይታሚን ሲውን ይጨርሰዋል፣ ሌሎቹንም ያዳክማል። ለዚህ ነው ብዙ ተመራማሪዎች ከልጣጩ ንጥረ ነገሩን ሲያወጡ ከ40 እስከ 60 ዲግሪ አካባቢ የሚሠሩት። ንጹህ ውሃ ብቻውን አይበቃም፣ ንጹህ አልኮልም እንደዚያው። የሁለቱ ድብልቅ ነው ደህና አድርጎ የሚስበው፤ አልኮሉ ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 70 በመቶ ይሆናል። አረቄ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ ጠጡት አላልኩም፤ እንዳትጠቅሱኝ!

ልኩ ደግሞ በግምት አይገኝም፤ ሙቀቱን ስትቀይር የሚበቃው ሰዓትም ይቀየራልና። ሙቀትን፣ ሰዓትንና የአልኮልን መጠን እያንዳንዳቸውን በ3 ልክ ልሞክር ብትል 27 ሙከራ ነው። ቦክስና ቤንከን የተባሉ የስታቲስቲክስ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1960 ያወጡት የሙከራ ዕቅድ ዘዴ ግን በ15 ሙከራ ይጨርሰዋል። እኛ እቤት በአንድ ድስት፣ ያለ ቴርሞሜትር፣ «ለስኳር መድኃኒት» እያልን ለጎረቤት እናከፋፍላለን።

ተው! ከውጭ የሚመጣ ብርቱካን ብዙ ጊዜ ሰምና የሻጋታ መከላከያ ኬሚካል ይቀባል። ስትቀቅሉት እሱንም አብራችሁ ትጠጣላችሁ። የብርቱካን ዘመድ የሆነው ግሬፕፍሩት ደግሞ ከአንዳንድ የደም ግፊትና የኮሌስትሮል ክኒኖች ጋር ሲገናኝ መድኃኒቱ በደም ውስጥ ከልክ በላይ እንዲከማች ያደርጋል። ክኒን የምትወስዱ እናትና አባቶች፣ ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ አንድ ሲኒ እንዳትቀምሱ።

ጁስ ቤቶች፣ የእናንተ ሥራ ቀላል ነው። የብርቱካኑን ልጣጭ ከማንጎው ለዩ። በዚያው ቀን ወንፊት ላይ ዘርግታችሁ ጥላ ውስጥ አስጡት፤ ርጥቡ ጆንያ ውስጥ ካደረ ይሻግታል።

ይህንኑ ለፒያሳው ልጅ ነግሬው ነበር። ባልዲውን እያጠበ ቀና ብሎ አየኝ። «እሺ ጋሼ፣ አደረቅሁት እንበል። ማን ይወስደዋል?»

መልስ አልነበረኝም። እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና ባለሙያ ማሠልጠኛ ሆኖ የተጀመረ ዩኒቨርሲቲ ያለን ከተማ ነን፤ ኬሚስት አላጣንም። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የምትፈልጉ ልጆች፣ ሄዳችሁ መልሱለት። እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት አይዘጋም።