ልጅ ማሳደግና ልጅን ማጥናት አንድ አይደሉም

ሰሞኑን «የዩኒቨርሲቲ ፕሮግራሞች በዝተዋል፣ ይቀነሱ» የሚለው ክርክር በተነሣ ቁጥር የሕፃናትና የወጣቶች ጥናት ስሙ ቀድሞ ይጠራል። የሚቀርበው ምክንያት ደግሞ ያስቆጣል፦ «ልጅ ያሳደገ ሁሉ ልጅን ያውቃል፤ ለዚህ ዲግሪ ምን ያደርጋል?» ይህን የሚል ሰው መጠይቅ ይዞ አንድ የገጠር ቀበሌ ወርዶ አያውቅም።

ከሁሉም ቀላል የሚመስለውን ጥያቄ እንውሰድ። ይህ ልጅ ስንት ዓመቱ ነው?

በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ከ5 ዓመት በታች ካሉ 100 ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበው 3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። እነዚያ ልጆች ዛሬ በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ናቸው ወይም ሊደርሱ ተቃርበዋል። እናትየዋን «ስንት ዓመቱ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ያልሠለጠነ መረጃ ሰብሳቢ የሚያገኘው መልስ 5፣ 10 ወይም 15 ነው። እናትየው አልዋሸችም፤ ማንም ሰው እርግጠኛ ያልሆነበትን ዕድሜ ወደ ድፍን ቁጥር ያጠጋጋል። የሠለጠነው ግን ቁጥር አይጠይቅም። አስቀድሞ ከአካባቢው ሽማግሌዎች ጋር የክስተቶች መቁጠሪያ ያዘጋጃል፤ ትምህርት ቤቱ የተከፈተበት፣ ድርቅ የገባበት፣ የሚሌኒየሙ በዓል የተከበረበት ዓመት ይሰፍርበታል። ከዚያ ልጁ ከየትኛው በፊት፣ ከየትኛው በኋላ እንደተወለደ ይጠይቃል። ቀጥሎ ወቅቱን፦ በአጨዳ ነው በክረምት? ክርስትና የተነሣበት ቀን ከታወቀ ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን ወደኋላ ይቆጥራል። «በረመዳን ተወለደ» ከተባለ ዓመቱን ሳያውቅ ወሩን አይጽፍም፤ ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ይመጣልና። የክትባት ካርድ ካለ የ6፣ የ10 እና የ14 ሳምንት ክትባቶችን ቀን ያመሳክራል። በመጨረሻም የጎረቤት ልጆችን ይዞ ማን ማንን እንደሚበልጥ ይጠይቃል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ሥራው ቢሮ ውስጥ ሊበላሽ ይችላል። የእኛን ዓመት ወደ ፈረንጆቹ ሲቀይሩ ሁልጊዜ 8 የሚደምሩ አሉ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የሚደመረው 7 ነው። በጥቅምት የተወለደ ልጅ በዚህ አንድ ስሕተት ብቻ አንድ ዓመት ያጣል።

አንድ ዓመት ምን ያመጣል የሚል ካለ ሕጉን ያንብብ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የ14 ዓመት ልጅ መቀጠር አይችልም፤ 15 ከሞላው ግን በቀን ከ7 ሰዓት ሳይበልጥ መሥራት ይችላል። በወንጀል ሕጉ 9 ዓመት ያልሞላው ልጅ አይጠየቅም፤ ከ9 እስከ 15 ያለው የሚታይበት ሥርዓት ከዚያ በላይ ካለው ይለያል። የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው፤ 17 ዓመቷን «18» ብሎ የጻፈ ሰው ልጅቷን ለሠርግ አሳልፎ ሰጥቷል። መቀንጨርም የሚሰላው ቁመት ከዕድሜ ጋር ተነጻጽሮ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመዘኛ ከ2 ዓመት በታች ያለውን አስተኝቶ፣ ከዚያ በላይ ያለውን አቁሞ ይለካል፤ በሁለቱ አለካክ መካከል የ0.7 ሴንቲ ሜትር ልዩነት አለ። ዕድሜው ሲዛባ አለካኩም ስሌቱም አብረው ይዛባሉ፣ በዚያ ላይ የቆመ በጀትም እንዲሁ።

ያውም ይህ ዕድሜ ብቻ ነው። ልጅን ማነጋገር ራሱን የቻለ ሙያ ነው። «ትሠራለህ?» ተብሎ የተጠየቀ እረኛ «አልሠራም» ይላል፤ ደመወዝ የለውማ። ትናንት ከተነሣበት እስኪተኛ ድረስ በቅደም ተከተል ሲጠየቅ ግን ከብቱ፣ ውኃው፣ እንጨቱ ሁሉ ይወጣል። አንድ ጥያቄ ሁለት ጊዜ የተደገመለት ሕፃን የመጀመሪያው መልሱ ስሕተት ነበር ብሎ ያስብና ይቀይረዋል። የወላጅ ፈቃድም የልጁን ፈቃድ አይተካም። ይህን ሳያውቅ በሕፃን ላይ የተፈጸመ ጥቃትን የሚመረምር ሰው ማስረጃውን በገዛ እጁ ያጠፋል።

«የሚፈልጉ ጥቂቶች ውጭ ሄደው ይማሩ» የሚለው ሁለተኛው ምክንያት ከመጀመሪያውም የከፋ ነው። በትሮንሃይም ያለው የኖርዌይ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በልጅነት ጥናት ማስተርስ ሲሰጥ ኖሯል። ነገር ግን ኖርዌይ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአውሮፓ ውጭ በሚመጡ ተማሪዎች ላይ ክፍያ ጥላለች። በሌላ በኩል ከእንግሊዙ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ያንግ ላይቭስ የተባለ የልጆች ጥናት ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ20 የኢትዮጵያ አካባቢዎች 3,000 ያህል ልጆችን ሲከታተል ቆይቷል። የእኛ ክፍሎች ቢዘጉም ልጆቻችን መጠናታቸው አይቀርም። ጥያቄውን የሚቀርጸው ግን ሌላ ይሆናል፣ የእኛ ምሩቅ በቀን አበል መጠይቅ ይሞላል።

ትምህርቱ ዛሬ በሚሰጥበት መልኩ ደካማ መሆኑን አልክድም። በሥነ ልቦና፣ በሶሺዮሎጂና በማኅበራዊ ሥራ ክፍሎች ተበታትኗል፤ አንድም ልጅ ሳያነጋግር የሚመረቅ አለ። ይህ ለመዝጋት ምክንያት አይሆንም። የሚያስፈልገው ራሱን የቻለ ክፍል፣ ቢያንስ የአንድ ሙሉ ሴሚስተር የመስክ ሥራና ተማሪዎች በየወረዳው የሚያዘጋጁት የክስተቶች መቁጠሪያ ነው፤ መቁጠሪያው ለወረዳው ፍርድ ቤት፣ ለጤና ጣቢያውና ለሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪው ይሰጥ።