የማይክሮዌቭ በር ስዊች «ዳይሬክት» አይደረግም

ባለፈው ወር በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ በብሎካችን የቴሌግራም ግሩፕ አንድ የድምፅ መልእክት ዞረ። ማይክሮዌቭ ጨረር ያፈሳል፣ ምግብ ይመርዛል፣ ካንሰር ያመጣል ይላል። ማረጋገጫ ብሎ ያቀረበው ደግሞ ሞባይልን ውስጡ አስቀምጦ መደወልን ነው፤ ከጠራ ያፈሳል ማለት ነው ይላል። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤቴ ሞከረችው፤ ጠራ። ማይክሮዌቩን በረንዳ አውጥታ በፌስታል ሸፈነችና፣ የልጆቿን ምሳ ለማሞቅ መስኮቷ በማይከፈተው ኩሽና ውስጥ ከሰል አቀጣጠለች።

ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ ነገሩን ሰምቼ ማለፍ አልሆነልኝም። ማይክሮዌቭ ውስጥ ያለው ማግኔትሮን በሴኮንድ 2.45 ቢሊዮን ጊዜ የሚርገበገብ ሞገድ ያወጣል፤ ሞገዱ በምግቡ ውስጥ ያለውን ውኃ እያነቃነቀ ያሞቀዋል። እንደ ራጅ ከአቶም ኤሌክትሮን የሚነቅል ጉልበት የለውም። አምፖል ሲጠፋ ብርሃኑ ቤት ውስጥ እንደማይቀር ሁሉ፣ ማይክሮዌቩ ሲጠፋም ሽሮው ውስጥ የሚቀር ጨረር የለም። የሞገዱ ርዝመት 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በበሩ መስታወት ላይ ያለው ወንፊት ቀዳዳ ደግሞ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ብርሃን ያልፋል፣ ሞገዱ ግን ይመለሳል።

ምንም አያፈስም ግን አልልም። ትንሽ ያፈሳል፤ ሲሠራ አጠገቡ ያለ ዋይፋይ የሚቆራረጠው ለዚህ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ፣ ማይክሮዌቭ በአገልግሎት ዘመኑ ሁሉ ከገጹ 5 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ የሚያፈሰው በካሬ ሴንቲ ሜትር ከ5 ሚሊዋት እንዳይበልጥ ደንግጋለች። ግማሽ ሜትር ራቅ ብሎ ለቆመ ሰው ያ መጠን ወደ መቶኛው ይወርዳል። የሞባይሉ ሙከራም አያስኬድም። ስልክ የአንድ ሚሊዋት ቢሊዮንኛ በሆነ ሲግናል እንኳ ይጠራል፤ መጥራቱ ስለ ጤናችን የሚነግረን ነገር የለም።

ይህን ላስረዳት ወጣሁ። አንድ ብርጭቆ ውኃ አስገብተን አስነሳነው። ውኃው ሞቆ እንደሆነ ለማየት በሩን ሳብ ሳደርገው፣ ሳህኑ መዞሩን አላቆመም። ድምፁም እንደዚያው። ሮጬ ከሶኬት ነቀልኩት፤ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ማይክሮዌቩ ያገለገለ ነው፤ አምና ተበላሽቶ ሰፈር ውስጥ ተጠግኗል። ተሸክመን ጠጋኙ ጋ ሄድን። ልጁ አልዋሸንም። «እትዬ፣ ስዊቹ አስቸግሮ ነበር፤ ፊውዝም እየደጋገመ ያቃጥል ነበር፤ ዳይሬክት አድርጌዋለሁ» አለ።

እኔ የምፈራው ይህችን «ዳይሬክት» ነው፤ ስዊቹን ዘሎ ሽቦውን በቀጥታ ማገናኘት ማለት ነው። በበሩ መንጠቆ በኩል ትንንሽ ስዊቾች ተደርድረዋል። በሩ ሲከፈት ኃይሉን የሚቆርጡት እነሱ ናቸው፤ አንዱ ደግሞ ሌሎቹ ሳይቆርጡ ከቀሩ ሆን ብሎ ፊውዙን ያቃጥላል። ልጁ ያስቸገረው መስሎት ያወጣው ጠባቂውን ነው። እንዲህ የሆነ ማይክሮዌቭ ተከፍቶ ሲሠራ፣ አንገቱን ደፍቶ ወጡን የሚያማስል ሰው ሞገዱን ፊት ለፊት ይቀበላል። የዓይን ሌንስ ሙቀቱን የሚያበርድለት የደም ሥር የለውም፤ ጉዳቱ ሞራ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። እጁን ለሚከት ሕፃን ደግሞ ቃጠሎ ነው።

ልጁን ለመውቀስ አልጻፍኩም። ማይክሮዌቭ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያለው ኤሌክትሪክ አጠራቃሚ (ካፓሲተር) ከ2,000 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይና ሰው ሊገድል እንደሚችል ስነግረው ፊቱ ተለወጠ፤ እስከዚያ ቀን ማንም አልነገረውም። በየኮንዶሚኒየሙ ሥር ለተከፈቱት ጥገና ቤቶች ይህን ማስተማር የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ሥራ ነው። ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥም በሩ ያልተጣመመ፣ ስዊቹ ያልተነካ መሆኑን በመሣሪያ ለክቶ ያሳይ፤ አላሳይም ካለ አትግዙት።

ከሰሉንም ለጎረቤቴ ሳልነግራት አልወጣሁም። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ገምቷል። የከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ አይሸትም፣ አይታይም። ከማይክሮዌቭ ሸሽታ የገባችው ወደዚያ ነበር።

ልጁ ከሌላ አሮጌ ማይክሮዌቭ ስዊቾቹን ፈትቶ ገጠመ፤ ጠባቂውንም መለሰው። ውኃ አስገብተን አስነሳነው፤ ጎረቤቴ ራሷ በሩን ከፈተችው። ቀጭ አለና ሳህኑ ቆመ። ሦስት ጊዜ ደጋግማ ከፈተችው።