ሳንባ የመርፌውን ስም አይጠይቅም

ሰሞኑን ስለ ጡንቻ ሕመም በተካሄደ አንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ የተጋበዙ ካይሮፕራክተር (አከርካሪን በእጅ እያስተካከሉ የሚያክሙ ባለሙያ)፣ ደረቅ መርፌ የሚወጋ (የታመመ ጡንቻን በባዶ መርፌ የሚያክም) ሰው የአኩፓንክቸር (የጥንቱ የቻይና የመርፌ ሕክምና) ባለሙያ ያህል መማር ለምን እንደማያስፈልገው ተጠየቁ። ሲመልሱ፣ ነገሩ አኩፓንክቸር ስላልሆነ ነው አሉ። አዘጋጁ አመስግኖ ወደ ቀጣዩ ጥያቄ አለፈ። እኔ ግን ማለፍ አቃተኝ።

አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይህ ነው። እንግዳው ያቀረቡት ማስረጃ ሲጠቃለል ስሙ ሌላ ነው ከማለት አያልፍም። መርፌው ያው ነው፤ ቀዳዳ የሌለው፣ ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሚሊሜትር ሲሶ የማይበልጥ ድፍን ሽቦ። የሚገባበት የፕላስቲክ ቱቦም ያው ነው፣ ቆዳውም ያው ቆዳ ነው። “ደረቅ” የተባለው ምንም ፈሳሽ ስለማይገፋበት ብቻ ነው። የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ሐኪም የነበሩት ጃኔት ትራቬል በታመመ ጡንቻ ውስጥ ማደንዘዣ ይወጉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 ደግሞ ቼኩ ሐኪም ካሬል ሌዊት የ241 ሕመምተኞችን ውጤት አሳትመው፣ ፋይዳው ያለው በመድኃኒቱ ሳይሆን በመርፌው ነው አሉ። አብዛኞቹ ወዲያው ቀለል ብሏቸው ነበር፤ የሚነጻጸሩበት ቡድን ግን አልነበረም። ባዶ መርፌ ሥጋ ውስጥ ማስገባት ከዚያ በፊት ለብዙ ምዕተ ዓመታት ስም የነበረው ነገር መሆኑን እንግዳው የዘነጉት አይመስለኝም።

ልዩነቱ በንድፈ ሐሳቡ ነው ይሉ ይሆናል። አኩፓንክቸር የማይታይ የኃይል መስመር ይከተላል፣ እኛ ግን በእጅ የሚዳሰስ የጡንቻ ቋጠሮ እንወጋለን ነው ነገሩ። መልካም። እንግዲያው በ1992 የታተመውን ሙከራ ያስታውሱልን። የዚሁ የቋጠሮ ትምህርት አንጋፋዎች፣ ከትራቬል ጋር መማሪያውን የጻፉት ዴቪድ ሳይመንስም ባሉበት፣ የትኛው ሰው ምን እንዳለበት ሳይነገራቸው እንዲመረምሩ ተደረገ። ቋጠሮው የት እንዳለ ያሳዩት ስምምነት ደካማ ሆኖ ተገኘ። የሌላውን ካርታ ተረት ነው የሚል ሰው በራሱ ካርታ ላይ ቢያንስ ከባልንጀራው ጋር መስማማት አለበት።

ይህን ሁሉ ግን ልተወው እችላለሁ። ንድፈ ሐሳቡ የፈለገውን ይሁን። እኔን ያስቆጣኝ ሌላ ነው፤ ከመርፌው ጫፍ በታች ያለው።

በደረቅ መርፌ አዘውትረው ከሚወጉት ጡንቻዎች አንዱ ከማጅራት ወደ ትከሻ የሚወርደው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ያጎነበሰ ሰው ሁሉ እጁን የሚያሳርፍበት ቦታ። ትክክለኛው አሠራር ጡንቻውን በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት ቆንጥጦ፣ ከሥሩ ካለው አካል አርቆ አንስቶ፣ መርፌውን ወደ ቆንጣጩ የራሱ ጣት አቅጣጫ መላክ ነው። ጡንቻው ሲነካ እንደ ዓሣ ይፈናጠራል፤ ባለሙያው የሚፈልገውም ያንን ነው፤ እስኪያገኘውም መርፌውን ወደ ላይና ወደ ታች ያመላልሰዋል። አሁን ጣቶቹ ላላ ይበሉ፤ ወይም ታካሚው ከሲታ ይሁን፤ ወይም ባለሙያው ቸኩሎ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይውጋ። ሳንባ የሚያበቃው ብዙ ሰው እንደሚያስበው ደረት ውስጥ አይደለም። ጫፉ ከአንገት ሥር ተነሥቶ ወደ ትከሻ ከሚሄደው አግድም አጥንት በላይ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ይወጣል። መርፌው ደግሞ አምስት ሴንቲ ሜትር ሊረዝም ይችላል። የቀረውን ስሌት ማንም ይሠራዋል።

ሳንባ ሲበሳ አየር በሳንባውና በደረት ግድግዳ መካከል ይገባና ሳንባውን ያኮማትረዋል። ሁልጊዜ ወዲያው አይታወቅም፤ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። ምልክቱ ምንድን ነው? ትከሻና ደረት አካባቢ ውጋት፣ ሲተነፍሱ የሚብስ። ታካሚው ከክሊኒኩ ሲወጣ ምን ተብሏል? ለአንድ ሁለት ቀን የተወጋበት ቦታ ቢያምዎት የሚጠበቅ ነው፣ ውኃ ይጠጡ። የአደጋውን ምልክት የሕክምናው ምልክት ነው ብሎ አስቀድሞ የሚያስታቅፍ ሕክምና ነው። ሰውየው ቤቱ ጋደም ብሎ እያቃሰተ ሕክምናው እየሠራልኝ ነው ይላል። ከዚህ የበለጠ ተንኮለኛ አጋጣሚ ለማሰብ ይከብደኛል፤ ስለ “ሌላ ስም” የሚያወሩት እንግዳ ግን ስለዚህ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካዊው የበረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪ ቶሪን ያተር-ዋላስ፣ የሶቺ ኦሎምፒክ በደጅ ሳለ፣ በእንዲህ ያለ መርፌ ሳንባው ተበስቷል። ሳንባው የተበሳው በአኩፓንክቸር ነው ወይስ በደረቅ መርፌ ብሎ መከራከር ለሳንባው ምን ይጠቅመዋል?

አደጋው እምብዛም ነው የሚለውንም ሰምተናል። በአየርላንድ ፊዚዮቴራፒስቶች ከ7,600 በላይ ሕክምናዎችን መዝግበው ከመበለዝ፣ ከመድማትና ከመሰል ቀላል ጉዳት ሌላ ከባድ ነገር አላዩም፤ ይህን ጥቅስ ሁሉም ያውቀዋል። በአሜሪካ ከ20,000 በላይ ሕክምናዎች ሲመዘገቡ ግን 20 ከባድ ጉዳቶች ተገኝተዋል፤ ይህን የሚጠቅስ አይሰማም። ከሺህ አንድ ገደማ ነው፣ ጥቂት ይመስላል። በቀን ሃያ ሰው የሚወጋና በዓመት 250 ቀን የሚሠራ ክሊኒክ በዚህ ስሌት በዓመት አምስት ሰው ላይ ከባድ ጉዳት ያደርሳል ማለት ነው። አምስት ሰው ጥቂት ነው የሚል በስም ይቁጠራቸው።

ወደ ሥልጠናው ስንመጣ እንግዳው አራት ዓመት የሰውነት አካል ተምረናል አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 ባወጣው መመሪያ ለአኩፓንክቸር ባለሙያ 2,500 ሰዓት፣ በሥራው ውስጥ በተወሰነ መጠን ሊጠቀምበት ለሚፈልግ ሐኪም ደግሞ 200 ሰዓት መክሯል። ልብ በሉ፤ ሐኪም ማለት ሬሳ ቀዶ የተማረ ሰው ነው፤ እሱም 200 ሰዓት ተጠይቋል። የደረቅ መርፌ መጀመሪያ ኮርሶች ብዙዎቹ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ያልቃሉ። ዓርብ መርፌ ነክቶ የማያውቅ ሰው ሰኞ የምስክር ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ይጠብቃል። የአኩፓንክቸር የሆነውን የኃይል መስመሩን፣ የምላሱን ቀለም፣ የልብ ትርታ ንባቡን ሁሉ ከ200ው ሰዓት ቀንሱት፤ ሦስት ቀን ላይ አትደርሱም።

ሙያው ደግሞ ከሁሉም በላይ ካይሮፕራክቲክ መሆኑ! ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር በ1895 በአሜሪካ በዳቨንፖርት ከተማ ጀመሩት፤ ስሙ ከግሪክ የተወሰደው በእጅ የሚሠራ ለማለት ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ያለ መድኃኒትና ያለ ቢላ እንፈውሳለን ሲባል ኖረ። ኩራቱ የት ሄደ? አከርካሪ ማስተካከሉ ላይ ዋገምት ተጨመረ፣ በብረት መፋቅ ተጨመረ፣ መርፌ ተጨመረ፣ መርፌው ላይ ኤሌክትሪክ ተጨመረ፤ ሒሳቡ የእያንዳንዱ ለየብቻ ነው።

ሕመም አይቀንስም አላልኩም። ይቀንሳል፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፤ ጥናቶቹ ጥራታቸው ዝቅ ያለ ቢሆንም ወደዚያ ያዘነብላሉ። ከዚያ ወዲያ የጡንቻ ማጠንከሪያ እንቅስቃሴ ከሚሰጠው ይበልጣል የሚለኝ ግን እስካሁን አላሳመነኝም።

እኔም ትከሻዬ ታሞ ሄጄ ነበር። ወጣቱ ባለሙያ ትሑት ነበር፣ ክፍሉም ንጹሕ ነው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት እወስድ እንደሆነ አልጠየቀኝም፤ እኔው ስነግረው ችግር የለውም አለኝ። በሆዴ ተኝቼ መርፌውን ከማሸጊያው ሲያወጣ ሰማሁና ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። የሳንባዬ ጫፍ የት ላይ እንደሚያበቃ በጣትህ አሳየኝ አልኩት። ፈገግ አለ፤ ቀልድ መሰለው። ከዚያ ጣቱን ከአግድም አጥንቱ በታች፣ አራት ጣት ያህል ዝቅ አድርጎ ደረቴ ላይ አሳረፈው። መርፌው በሌላኛው እጁ ነበር።

ሸሚዜን አንሥቼ ለበስኩ።