ፊቱን ለእንግዳ፣ ውስጡን ለቄስ

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ወዳጄ ፕላን ዘርግቶ አሳየኝ። ግድግዳው ውስጥ ባሕር ሊያስገባ ነው። ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር፣ ጥልቀቱ 80 ሴንቲ ሜትር። ኮራል፣ ያ ድንጋይ የሚመስለው የባሕር እንስሳ፣ የሚበቅልበት፣ ዓሣ የሚርመሰመስበት የጨው ውሃ አኳሪየም። ሳሎን ሆነው ሲያዩት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሥዕል ይመስላል ተብሏል።

ፕላኑ ግሩም ነው። ሶፋው ተስሏል። ሶፋው ላይ አራት ሰዎች ተስለዋል። አንደኛዋ እግሯን አጣምራለች። አንድ ሕፃን መስታወቱን በጣቱ ይነካል። መብራቱ ከየት ወደ የት እንደሚወርድ ሳይቀር በነጠብጣብ ተሰምሯል። ከመስታወቱ ጀርባ ደግሞ አንዲት ቀጭን ክፍተት አለች። 60 ሴንቲ ሜትር ብትሆን ነው። «ዕቃ» የሚል ተጽፎባታል።

እዚያ ሰው አልተሳለም። ቢሳልም አይገባም።

ይህን ሰውዬ ታውቁታላችሁ። ስልኩን አውጥቶ «አንዴ ይቺን ብቻ ላሳይህ» ብሎ አንድ ሰዓት ሙሉ ያቆማችሁ እሱ ነው። ዓሣዎቹን በስማቸው ይጠራል፤ ገና አልተገዙም። የመስታወቱን ዓይነት ለመምረጥ ስምንት ወር ፈጅቶበታል። ተራ መስታወት ወደ አረንጓዴ ያደላል፣ ብረቱ የተቀነሰለት ግን ጥርት ያለ ነው እያለ ያስረዳችኋል። እውነቱን ነው። ስለ ጀርባው ስትጠይቁት «እሱ ቀላል ነው፣ ይደርሳል» ይላችኋል።

ሰው ሁሉ ያማዋል። እኔ አድናቂው ነኝ። ሌላው ሰው አቅዶ ያልተሳካለትን ነገር እሱ ሳያቅድ ሊያሳካው ነው።

እስቲ አስቡት። ይህ ገንዳ 2,400 ሊትር ውሃ ይይዛል። ውሃው ብቻ ከ2.4 ቶን በላይ ይመዝናል፤ ድንጋዩና መስታወቱ ገና አልተቆጠሩም። የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ስላለው፣ ለመሙያ ብቻ ከ80 ኪሎ በላይ ጨው ይፈልጋል። ጀርባ ያለችው ክፍል ደግሞ የማጣሪያ ገንዳውን፣ እነሱ ሳምፕ የሚሉትን፣ መያዝ አለባት። አረፋ እያወጣ ቆሻሻ የሚለየውን ስኪመር መያዝ አለባት። ውሃውን ወደ ላይ የሚመልሰውን ፓምፕ፣ የንጹሕ ውሃ ማጣሪያውን፣ የንጹሕ ውሃ በርሜሉን፣ ጨው የሚበጠበጥበትን ሌላ በርሜል፣ ካልሲየም የሚያንጠባጥበውን መሣሪያ፣ መታጠቢያ ገንዳ፣ የወለል ውሃ መውረጃ፣ እርጥብ አየር የሚያስወጣ ማራገቢያ። ይህን ሁሉ 60 ሴንቲ ሜትር ውስጥ የሚከት ሰው ሻንጣ አያያዝ ቢያስተምረን ምን አለበት?

የጥንቶቹ ይህ ጥበብ አልነበራቸውም። እ.ኤ.አ. በ1871 ለንደን ላይ የተከፈተውን የክሪስታል ፓላስ አኳሪየም የነደፈው ዊልያም አልፎርድ ሎይድ፣ ከመሬት በታች ለሕዝብ ከሚታዩት ገንዳዎች በእጅጉ የሚበልጥ የውሃ ማጠራቀሚያ አስቀበረ። ውሃው ከታች ወደ ላይ ሲመላለስ እንዲጠራ ነው። አብዛኛውን ውሃ ማንም በማያየው ቦታ! ምን ዓይነት ኋላ ቀር ሰው ነው? ቃል በቃል፣ ኋላውን ያስቀደመ።

የእኛዎቹ ሠልጥነዋል። ሌላው ወዳጄ ለምሳሌ ባሕሩን ሠርቶ ከጨረሰ ቆይቷል። ልኩም ከቅዳሜው ፕላን ጋር መንትያ ነው። አንድ ምሽት ደውሎ «ቶሎ ድረስልኝ» አለኝ። ሰው የታመመ መስሎኝ በሩጫ ሄድኩ። አንዲት ቀንድ አውጣ በሌሊት ስትዘዋወር ጡጫ የምታክል ኮራል ገፍታ ጥላለች። ኮራሏ ከፊት፣ ከታች፣ ጥግ ላይ በአፍጢሟ ተደፍታለች። ካልተነሣች ትሞታለች።

መድረስ የሚቻለው ከኋላ ብቻ ነው። ከኋላ የላይኛው ጠርዝ እስከ ፊተኛው የታች ጥግ ያለውን ርቀት አስሉት። ወርዱ 1 ሜትር፣ ጥልቀቱ 80 ሴንቲ ሜትር ነው። በቀጥታ 1 ሜትር ከ28 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። የወዳጄ ክንድ 70 ሴንቲ ሜትር ነው። ለክተናል። ስለዚህ ጣውላ አጋድሞ በሆዱ ተኛበት። በገንዳውና በጣሪያው መካከል ያለው ክፍተት 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ጭንቅላቱን ወደ ጎን አዞረ። አንድ ጆሮው ወደ ጣሪያ ዞረ፣ አንደኛው ውሃ ውስጥ ገባ። በደረቀው ጆሮው እየሰማኝ በረጅም መቆንጠጫ መፈለግ ጀመረ። እኔ ሳሎን፣ መስታወቱ ፊት ቆሜ እመራለሁ።

«ወደ ግራ!» አልኩ።

«የማን ግራ?»

«የእኔ።»

«የአንተ ግራ የእኔ ቀኝ ነው እኮ።»

«እንግዲያው ወደ ቀኝ።»

«የማን ቀኝ?»

ሃያ ደቂቃ በዚህ አለፈ። ከዚያ «ወደ መስኮቱ» እና «ወደ ኩሽናው» በሚል ተስማማን። መቆንጠጫው አሸዋውን ነካና ውሃው ደፈረሰ። ደግሞ ሌላ ሩብ ሰዓት ጠበቅን። እሱ ከጣውላው አልወረደም፤ ለመውረድም ሰው ይፈልጋል። ሲጠራ ቀጠልን። ብርቱካናማዋ ባለነጭ ቀበቶ ዓሣ፣ ሕፃናት ሁሉ የሚወዷት፣ ጎጆዬን ሊያፈርስ ነው ብላ እጁን ትነክሰው ጀመር። ትነክሳለች፤ እነዚህ ዓሦች ልማዳቸው ነው። በተነከሰ ቁጥር እጁ ይነቃነቃል፤ በተነቃነቀ ቁጥር መቆንጠጫው አንድ ነገር ይገፋል። አንዷን ልናነሣ ገብተን ሦስት ጣልን። በመጨረሻ መቆንጠጫው ላይ የመጥረጊያ እንጨት በገመድ አሰርንበት። ኮራሏ ቀና አለች። ቀንድ አውጣዋ በዚህ መሐል መስታወቱን ወጥታ ፊቴ ቆማለች፣ እንደ ታዛቢ።

ወዳጄ ሲወርድ ግማሽ ጭንቅላቱ ላይ ጨው ደርቆበት ሸብቷል።

«ለምን ጀርባውን ትንሽ ሰፋ አላደረግኸውም?» አልኩት።

«ሳሎኑ ይጠባል» አለኝ። ሳሎኑ ውስጥ ኳስ መጫወት ይቻላል።

ይህ እንግዲህ የክንዱ ነው። የባልዲው አለ። በሳምንት ከውሃው አንድ አሥረኛው ይቀየር ብንል 240 ሊትር ነው። 20 ሊትር በሚይዝ ባልዲ 12 ይወጣል፣ 12 ይገባል። የወለል መውረጃና መታጠቢያ ገንዳ «በኋላ» ስለተባለ፣ ባልዲው ያንን ውብ ሳሎን አቋርጦ ነው የሚያልፈው። አንድ ወር በትጋት ይሠራል። በሁለተኛው ወር «ተፈጥሮ ራሷን ታስተካክላለች» የሚል ፍልስፍና ይመጣል።

የበሩም አለ። ወደ ውስጥ የሚከፈት በር፣ ውስጡ ሳምፕ። ግማሹ ይከፈታል። ሰው በጎኑ ይገባል፤ ፓምፕ ግን ጎን የለውም።

ደግሞ ውሃው ይተናል። ጨው ግን አይተንም። ስለዚህ በየቀኑ የጎደለውን በንጹሕ ውሃ መሙላት ነው። 20 ሊትር ቢተን አያስገርምም። ማራገቢያ ከሌለ ወዴት ይሄዳል? ጂፕሰሙ ውስጥ። ጂፕሰሙ ያብጣል፣ ይሻግታል፤ የሚረጨው ጨው ደግሞ ማጠፊያውን ያዝገዋል፣ ሶኬቱ ላይ ነጭ ሆኖ ይጋገራል። ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ የተባለው ለዚህ ጨው አይመስለኝም።

መብራት የጠፋ ለት ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ፓምፑ ሲቆም ውሃው በመመለሻው ቧንቧ ወደ ታች ይሳባል። የቧንቧው አፍ ከውሃው ወለል በታች 10 ሴንቲ ሜትር ከጠለቀ፣ አየር የሚያስገባ ቀዳዳም ካልተበጀለት፣ 300 ሊትር ይወርዳል። ሳምፑ የቀረው ክፍት ቦታ 60 ሊትር ቢሆን 240ው ወዴት ይሂድ? «ወደ ኋላ የማይመልስ ቫልቭ አለው» ይሉሃል። አለው። ቀንድ አውጣ እስክትሰነቀርበት ድረስ ይሠራል። ጥቅሙ ግን አይካድም፤ ያ የሳምንቱ 12 ባልዲ ያለ ባልዲ ሳሎን ይደርሳል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ ይህኛው የሚወስደው ምንጣፍ ነው።

አንድ ነገር ግን አያስቀኝም። ከክፍሏ መጀመሪያ የሚቀነሰው ሁልጊዜ የማቆያ ገንዳው ነው። ትንሽ ነው፣ አያምርም፣ ማንም አያየውም። ለአዲስ ዓሣ ግን የሳምንታት መኝታው ነው። ነጭ ነጠብጣብ የሚያወጣው ጥገኛ ተውሳክ በአንድ አዲስ ዓሣ ገብቶ ሁሉንም ይጨርሳል። መድኃኒቱ መዳብ ነው። መዳብ ደግሞ ቀንድ አውጣውን፣ ሽሪምፑን፣ ኮራሉን ስለሚገድል ትልቁ ገንዳ ውስጥ አይጨመርም። ለዚህ ነው ሌላ ገንዳ የሚያስፈልገው። ይህን ሳያውቁ አይደለም የሚቀንሱት። ተነግሯቸው ነው። የድምፅ ማጉያው መደርደሪያ የሚቆምበት ጠፍቶ ነው! ከባሕር የሚመጡ ጌጠኛ ዓሦች አብዛኞቹ በቤት የተረቡ አይደሉም፤ ከሪፍ፣ ከኮራሉ መንደር፣ ተይዘው፣ ፌስታል ውስጥ ታሽገው፣ ውቅያኖስ ተሻግረው ነው የሚደርሱት። ያ ሁሉ መንገድ ያልገደለውን ዓሣ አንድ መደርደሪያ ገደለው። በሦስተኛው ቀን በመረብ እያወጣ «ምንም አይደል፣ ሌላ እንገዛለን» የሚል ሰው ፊት ቆሜ አውቃለሁ። ያቺ የምትናከሰዋ ብርቱካናማ ዓሣ በደንብ ከተያዘች ከ20 ዓመት በላይ ትኖራለች። ሃያ ዓመት ነው የተጣለው። ነውር ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ወደ ቅዳሜው ልመለስ። ፕላኑ ገና ወረቀት ነው፤ ግድግዳው አልተነካም። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም። ክንዱንም፣ ባልዲውንም፣ በሩንም ነገርኩት። ወዳጄ በትዕግሥት አዳመጠኝ። መሐል ላይ አንዴ «ሶፋው ግን ግራጫ ይሻላል ወይስ ቡናማ?» ብሎ ጠየቀኝ። ቡናማ አልኩ። ቀጠልኩ።

ስጨርስ ሶፋውን ጠቆምኩት። «እዚህ አራት ሰው አስቀምጠሃል። እዚያ ግን የሚሠራው ሰው የታለ? አንድ ሰው እንኳ ሳልበት።»

አሰበበት። ልክ ነህ አለኝ። እርሳሱን አንሥቶ፣ ምላሱን በከንፈሩ ይዞ፣ በጥንቃቄ ሳለ። «ይኸው፣ ገባ!» አለኝ ደስ ብሎት።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። በእርግጥም ገብቷል። በጎኑ ነው ያቆመው። ለክንዶቹ ቦታ አልቀረም።