ማስተካከያ፦ ውቅርና ሕንፃ በቅርስ መዝገብ

ቀደም ሲል በተሠራጨው የቅርስ መመዝገቢያ ቃላት ዝርዝር የላሊበላ 11 አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ «በአራቱም ጎን ከአለቱ የተነጠሉ» ተብለዋል። ይህ ትክክል አይደለም። ሙሉ በሙሉ ተነጥለው የቆሙት ቤተ መድኃኔ ዓለም፣ ቤተ ማርያም፣ ቤተ አማኑኤልና ቤተ ጊዮርጊስ ናቸው፤ ሌሎቹ በአንድ ወይም በሌላ ወገን ከአለቱ ጋር ተያይዘዋል፣ አመዘጋገባቸውም ይህን ማሳየት አለበት።

የባሰው ስሕተት በይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ላይ ያለው ነው። በዝርዝሩ «ውቅር»፣ ማለትም ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራ፣ ተብሏል፤ እርሱ ግን በተፈጥሮ ዋሻ ውስጥ በድንጋይና በእንጨት ርብራብ የታነጸ ሕንፃ ነው። ውቅሮችን አብዝቶ የሚጎዳቸው በአለቱ ስንጥቅ የሚሰርግ ውኃ ነው፤ እንዲህ ያለው ሕንፃ ደግሞ የእንጨቱን ጤንነት የሚያውቅ ጠራቢና አናጢ ይፈልጋል። ጥገና የሚያቅድ ሰው መጀመሪያ የሚያየው መዝገቡን ስለሆነ፣ በቀድሞው ዝርዝር ቅጽ የሞላችሁ ባለሙያዎች «የአሠራር ዓይነት» የሚለውን ቦታ አሁኑኑ አርሙት።