እኔን ነው የምታስጠነቅቀኝ?

የሠራተኛ ፍቅር የሌላቸው አለቆች በዙ ስትሉ እሰማለሁ። መልቀቂያ አስገብታችሁ ስለማታውቁ ነው። ኮምቦልቻ አራት ዓመት በሠራሁበት ቤት ስሜ "አንተ ልጅ" ነበር፤ ደብዳቤዬን ይዤ የገባሁ ዕለት "የኔ ወንድም" ሆንኩ፣ ሻይም ታዘዘልኝ።

ሻዩ ሳይመጣ አለቃችን ማንበብ ጀመሩ። "በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቻለሁ" የምትለው መስመር ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

"እኔን ነው የምታስጠነቅቀኝ?"

እውነታቸውን ነው። እሳቸው ሰው ሲያሰናብቱ አስጠንቅቀው አያውቁም፤ ሠራተኛው እንዳይጨነቅ ጠዋቱን ነግረው ከሰዓት ይሸኙታል። ሕጉ ደግሞ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ 30 ቀን ቀድሞ ያሳውቅ ይላል እንጂ አለቃውን ያስፈቅድ አይልም። ይቺን ጉድለት አለቃችን በአንድ ቃል ሞሏት፦ "አልተቀበልኩም።" ሻዩም አልመጣ። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ግን፣ ምን ያለች ክፉ ናት፣ ግልባጬ ላይ ቀን ጽፋ ፈረመችልኝ።

ሰላሳ ቀኑን ቆጥሬ ክሊራንስ ጀመርኩ። ሕጉ ውል ሲቋረጥ ሒሳቡ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ይከፈል ይላል፣ ያላግባብ ከዘገየ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ሊያስቀጣ ይችላል፣ የሥራ ልምዱም በነፃ ነው የሚሰጠው። ሆኖም ሠራተኛው በራሱ ጥፋት የድርጅቱን ንብረት ሳይመልስ ከቆየ ክፍያው ሊዘገይ ይችላል የምትል አንዲት ቀዳዳ አለች። የኛ ቤት ሰዎች ከአዋጁ ሁሉ ይቺን ብቻ በቃላቸው ይዘዋታል፤ ስለዚህ ንብረት ክፍል ስደርስ መዝገቡ ተገልጦ ጠበቀኝ። አንድ መቀስ!

"ይሄ በእጅህ የያዝከው አይደለም እንዴ?" አልኩት፤ ካርቶን እየቀደደበት ነበር።

"ይሄ የኔ ነው፤ ያንተ እጀታው ሰማያዊ ነበር። አብሽር፣ ፈልገው፣ አይጠፋም።"

ማህተም ያዡ ደግሞ ደሴ ናቸው ተባልኩና የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ወጣሁ። የኮምቦልቻን ሙቀት አምኜ የለበስኳት እጀ ጉርድ ሸሚዝ ደሴ ላይ አዋረደችኝ፤ እየተንቀጠቀጥኩ ቢሮው ስደርስ "አሁን ወደ ኮምቦልቻ ወረዱ" አሉኝ። እንዲህ ከሠራተኛ ጋር ለመለያየት የማይችል ድርጅት የት ይገኛል? ሌላው ቤት ፈርሞ ይሸኝሃል፣ ጨካኝ ሁላ።

ባዶ እጄን አልተመለስኩም። ፒያሳ ላይ ሰማያዊ መቀስ ገዝቼ ወረድኩ። ንብረት ክፍሉ ተቀብሎኝ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው፣ ከፈት ዘጋ አድርጎ ሞከረው።

"ይሄማ አዲስ ነው" አለኝ፤ "የኛው ያረጀ ነበር።"