ካርዱ እና መዝገቡ፦ ባሕር ማዶ ሆኖ መንጃ ፈቃድ ማሳደስ

ከአገር የሚወጣ ሰው የሚያሰናዳቸው ወረቀቶች ይታወቃሉ። ዲግሪውን ያስተረጉማል፣ የልደት ምስክር ወረቀቱን ውጭ ጉዳይ ወስዶ ማህተም ያስመታል፣ የጋብቻ ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልሎ ሻንጣው ሥር ይከታል። መንጃ ፈቃዱ ግን ኪስ ቦርሳው ውስጥ እንዳለ አብሮት ይሳፈራል። መቼ እንደሚያበቃ ያየው የለም። ኑሮ ተደላድሎ መኪና መያዝ የግድ ሲሆን ካርዱ ይወጣል፤ ያኔ ጊዜው ካለፈ ሰንብቷል። አዲስ አበባ ላይ አሥር ዓመት ታክሲ የነዳ ሰው ቶሮንቶ ላይ መሪ ጨብጦ እንደማያውቅ ጀማሪ ተቆጥሮ ከሀ ሁ የሚጀምረው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። ሙያው እጁ ላይ አለ፤ ማስረጃው ግን ሞቷል።

ነገሩን ቀረብ ብሎ ላየው የሁለቱ አገር አሠራር ከመሠረቱ ይለያያል። አሜሪካ ወይም ካናዳ መንጃ ፈቃድ ማለት ኮምፒውተር ውስጥ የተቀመጠ መዝገብ ነው። መቼ እንደተፈተንክ፣ ስንት ጊዜ እንደተቀጣህ፣ ፈቃድህ ታግዶ ያውቅ እንደሆነ እዚያው አለ። ካርዱ የመዝገቡ ቅጂ ነው፤ ቢጠፋ ሌላ ይታተማል። እኛ ዘንድ ግን ለብዙ ዘመን ፈቃዱ ካርዱ ራሱ ነው። ከኋላው ያለው ማስረጃ የወረቀት ፋይል ሲሆን፣ ፋይሉም የሚገኘው ካርዱን በሰጠው ቅርንጫፍ መደርደሪያ ላይ ነው። የቅርቦቹ በኮምፒውተር ቢመዘገቡም የቆየው ሰው ማስረጃ ዛሬም አቧራ የለበሰው ፋይል ነው። ውጭ ሆኖ ለማሳደስ የሚሞክር ሰው የሚጋጨው ከዚህ ልዩነት ጋር ነው።

ብዙ ወገን ያለበትን የቨርጂኒያን አሠራር እንይ። መንጃ ፈቃዱ ለስምንት ዓመት ያገለግላል፤ የእድሳት ክፍያው በዓመት አራት ዶላር ታስቦ 32 ዶላር ይመጣል። አንዱን ዙር በኢንተርኔት ያደሰ ሰው በሚቀጥለው ዙር በአካል መቅረብና ዓይኑን መታየት አለበት። 75 ዓመት የሞላው ደግሞ ሁልጊዜ በአካል ይቀርባል። የዓይን ምርመራው መስኮቱ ላይ በተቀመጠ መሣሪያ የሚደረግ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ያለገደብ ለመንዳት በመነጽርም ይሁን ያለመነጽር 20/40 ማየት ይጠበቃል። መነጽሩን ቤት ረስቶ የሄደ ሰው ቀጠሮውን አቃጥሎ ይመለሳል። ካርዱ እዚያው አይሰጥም፤ ለጊዜው ወረቀት ተቀብሎ ይሄዳል፣ ካርዱ በፖስታ ይመጣል።

ይህ ሁሉ ቀላል ይመስላል፤ የሚበላሸው አድራሻ ላይ ነው። የእኛ ሰው ኪራይ በጨመረ ቁጥር ከአሌክሳንድሪያ ወደ ዉድብሪጅ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ጀርመንታውን ይዛወራል። ፖስታ ቤት ሄዶ አድራሻውን ይቀይርና በቃ ይላል። ፖስታ ቤቱ ደብዳቤውን ሁሉ ወደ አዲሱ ቤት ቢያዛውርም የመንጃ ፈቃድ ካርድ ግን አይዛወርም፤ ወደ ላኪው መሥሪያ ቤት ይመለሳል። አድራሻ መቀየሩን መንጃ ፈቃድ ለሚሰጠው መሥሪያ ቤት፣ ለዲኤምቪው፣ ለብቻው ማሳወቅ ግድ ነው፤ ቨርጂኒያ ለዚህ የምትሰጠው ጊዜ 30 ቀን ነው። የእድሳት ማስታወሻውም በዚሁ አድራሻ ስለሚላክ ማስታወሻ ያልደረሰው ሰው ቀኑ ሲያልፍ አያውቅም። ቨርጂኒያ ላይ ካለፈ ከአንድ ዓመት በላይ ከቆየ የጽሑፉንም የመንገዱንም ፈተና እንደ አዲስ መውሰድ ይመጣል።

የመኖሪያ ወረቀቱ ጊዜያዊ የሆነ ሰው ጣጣ ደግሞ ሌላ ነው። ጥገኝነት ጠይቆ የሚጠብቅ ወይም በሥራ ፈቃድ ብቻ ያለ ሰው ስምንት ዓመት አይሰጠውም፤ መንጃ ፈቃዱ የሚያበቃው የሥራ ፈቃዱ በሚያበቃበት ቀን ነው። ዲኤምቪው የስደተኛውን ሁኔታ ሴቭ በሚባለው የፌዴራል ማጣሪያ ይጠይቃል። መልሱ አንዳንዴ በደቂቃ ይመጣል፣ አንዳንዴ ተጨማሪ ማጣራት ተብሎ ቀናት፣ ሲብስም ሳምንታት ይፈጃል። ኡበርና ሊፍት የሚሠራ ወንድም ካርዱ ባለፈበት ቀን መተግበሪያው ይዘጋበታል፤ የቤት ኪራዩ በዚያ ሥራ ላይ ለቆመ ሰው ሁለት ሳምንት ማለት ቀልድ አይደለም። ስለዚህ አዲሱ የሥራ ፈቃድ በእጅ በገባ ማግስት ነው መሄድ ያለበት። ብዙዎች መንጃ ፈቃዱ ገና ሁለት ሳምንት ይቀረዋል ብለው ይዘናጋሉ።

ከሜይ 7 ቀን 2025 ወዲህ የአሜሪካ የአገር ውስጥ አውሮፕላን ለመሳፈር ሪል አይዲ (የፌዴራሉን መስፈርት ያሟላ መንጃ ፈቃድ ወይም መታወቂያ) ወይም እንደ ፓስፖርት ያለ ሌላ ተቀባይነት ያለው መታወቂያ ይጠየቃል። በእድሳት ጊዜ ወደ ሪል አይዲ መቀየር የሚፈልግ ሰው ማንነቱንና ሕጋዊ ነዋሪነቱን፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩን የሚያሳዩ ወረቀቶች፣ በዚያ ላይ የመኖሪያ አድራሻውን የሚያሳዩ ሁለት ወረቀቶች ይዞ ይቀርባል። እዚህ ላይ ስማችን መሰናክል ይሆናል። የእኛ ስም የራስ፣ የአባት፣ የአያት ነው፤ የቤተሰብ ስም የለንም። ግሪን ካርዱ ላይ የአያት ስም መጨረሻ ላይ ሲገባ ሶሻል ካርዱ ላይ የአባት ስም ይገባል። ኃይለ ማርያም አንዱ ወረቀት ላይ ተለያይቶ ሌላው ላይ ተጋጥሞ ይጻፋል። ፀሐይ በላቲን ፊደል ስትጻፍ መጨረሻዋ ላይ አንድ ፊደል ትጨምራለች ወይም ትቀንሳለች። መስኮቱ ጀርባ ላለችው ሠራተኛ እነዚህ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። አስቀድሞ የሶሻል ካርዱን ማስተካከል፣ ቀጥሎ ዲኤምቪ መሄድ ነው የሚያዋጣው። ሲገለበጥ ሁለት ጊዜ መመላለስ ይመጣል።

ሳይመሰገን የማይታለፍ ነገር አለ። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ከሚያስተናግዱባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ የመንጃ ፈቃዱ የጽሑፍ ፈተናም በአማርኛ ይሰጣል። እንግሊዝኛ የሚከብዳት እናት «ቅድሚያ ስጥ» የሚለውን በራሷ ቋንቋ አንብባ መልስ ስትመርጥ ማየት ደስ ይላል።

አሁን ወደ አገር ቤቱ ካርድ እንመለስ። ቆንስላ ፓስፖርት ያድሳል፣ ውክልና ያረጋግጣል፣ ቢጫ ካርድ ይሰጣል፤ መንጃ ፈቃድ ማደስ ግን የቆንስላ ሥራ አይደለም። በውክልና ይታደስልኛል የሚል ተስፋም አያስኬድም፤ እድሳቱ የጤና ምርመራ ይጠይቃልና። ዓይን የሚታየው፣ ፎቶ የሚነሳው ባለቤቱ ነው። አሁን ለብዙው የመንግሥት አገልግሎት የሚጠየቀው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያም የአሥር ጣት አሻራ፣ የዓይን ብሌንና የፊት ምስል ስለሚወስድ በተወካይ አይሆንም። «አንተ ሳትመጣ እኔ አሳድስልሃለሁ» የሚል ጉዳይ አስፈጻሚ ካለ የጤና ወረቀቱን ሌላ ሰው አስመርምሮ ወይም ጭራሽ ሳያስመረምር ነው የሚያመጣው። በዚህ መንገድ የታደሰ ካርድ የውጭው መሥሪያ ቤት ትክክለኛነቱን በጠየቀ ቀን ይወድቃል፤ ሐሰተኛ ሰነድ አቅርቧል መባል ደግሞ መኖሪያ ፈቃድ ላይ ሳይቀር ጥላ ያጠላል። እባካችሁ በዚህ ነገር አትቀልዱ።

በተወካይ የሚሆነው ሌላ ነገር ነው፤ እሱም የማረጋገጫ ደብዳቤ። ካርዱን የሰጠው መሥሪያ ቤት «ይህ ሰው በዚህ ቀን፣ በዚህ ምድብ፣ በዚህ ቁጥር መንጃ ፈቃድ ተሰጥቶታል» ብሎ የሚጽፈው ነው። ውክልናው ቆንስላ ፊት ይፈረማል፣ አዲስ አበባ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘገባል። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ቃሉ ላይ ነው። «ማናቸውንም ጉዳዬን ያስፈጽምልኝ» የሚል ጥቅል ውክልና መስኮት ላይ ይመለሳል፤ «የመንጃ ፈቃድ ማረጋገጫ ደብዳቤ ጠይቆ እንዲያወጣ፣ ፈርሞ እንዲረከብ» ተብሎ በግልጽ መጻፍ አለበት። የካርዱ የፊትና የኋላ ኮፒ አብሮ ይላክ። ካርዱ ጠፍቶ ከሆነ ቁጥሩና የተሰጠበት ቅርንጫፍ ካልታወቀ ፋይል ፈላጊው ከየት ይጀምር?

ደብዳቤው ስንት እንደሚያወጣ ኦንታሪዮን ያየ ያውቃል። እዚያ አዲስ ነጂ መጀመሪያ ጂ1 የሚባለውን የተለማማጅ ፈቃድ ይይዛል፣ 12 ወር ጠብቆ ለጂ2 ይፈተናል፣ ሌላ 12 ወር ጠብቆ ለሙሉው ጂ ይፈተናል። በአገሩ ከሁለት ዓመት በላይ የነዳ ሰው ግን ዓይኑንና የጽሑፉን ፈተና ካለፈ በቀጥታ ለጂ መቀመጥ ይችላል። ለዚያ ካርዱ ብቻ አይበቃም፤ ከሰጪው መሥሪያ ቤት ወይም ከኤምባሲ የመጣ ማረጋገጫ ይጠየቃል፣ በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ ካልሆነም ትርጉም። አንድ ገጽ ደብዳቤ ሁለት ዓመት ይገዛል ማለት ነው። የጂ ፈተናው ላይ አውራ ጎዳና ስላለበት ሳይለማመዱ በድፍረት መግባት አይገባም፤ ያ ዕድል ከተበላሸ ወደ ጂ2 ፈተና መውረድ ይከተላል።

ሌላው ወጥመድ የቀን አቆጣጠር ነው። ካርዱ ላይ የሚያበቃበት ቀን 05/01/2018 ተብሎ በእኛ አቆጣጠር ብቻ ተጽፏል እንበል። መስከረም 5 ቀን 2018 ማለት ነው፤ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 15 ቀን 2025። የአሜሪካው ሠራተኛ ሜይ 1 ቀን 2018 ብሎ ያነበዋል፣ የእንግሊዙ ጃንዋሪ 5 ቀን 2018። ለሁለቱም ካርዱ በእውነት ከሚያበቃበት ቀን ከሰባት ዓመት በላይ ቀድሞ ያለፈበት ነው። ስለዚህ አስተርጓሚው ቀኑን እንዳለ መገልበጥ የለበትም፤ ሁለቱንም አቆጣጠር፣ ወሩን በቃል ጽፎ፣ ጎን ለጎን ያስቀምጥ። ጳጉሜ የተወለደ ሰው ደግሞ አሥራ ሦስተኛ ወር የሚቀበል ኮምፒውተር ስለሌለ ወደ ሴፕቴምበር የተቀየረው ቀን ከፓስፖርቱ ጋር አንድ መሆኑን ያጣራ። ምድቡም እንዲሁ ነው፤ «ሕዝብ 1»ን ወይም የድሮውን «3ኛ ደረጃ» ቃል በቃል መተርጎም ለፈረንጅ ምንም አይነግረውም። ምን ዓይነት መኪና እንደሚያስነዳ መጻፍ አለበት። ሜሪላንድ ደግሞ ትርጉሙን ከተገኘው ተርጓሚ ሁሉ አይቀበልም፤ የግዛቱ መንጃ ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት፣ ኤምቪኤው፣ የሚያውቀው ተርጓሚ መሆን አለበት። ከዚያ ወዲያ ስለ አልኮልና አደንዛዥ ዕፅ የሦስት ሰዓት ትምህርት፣ የዓይን፣ የሕግና የመንገድ ፈተና ይጠብቃል።

ጀርመን የሚኖር ወገን ጊዜው ያጥርበታል። ነዋሪ ከሆነበት ቀን ጀምሮ በአገሩ ካርድ የሚነዳው ስድስት ወር ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የጽሑፉንም የመንገዱንም ፈተና መውሰድ አለበት፤ የአገሩ ካርድ ጊዜው ያላለፈ ከሆነ ግን እንደ ጀማሪ የግዴታ የትምህርት ሰዓት አይቆጠርበትም። እዚያ የአንድ ሰዓት ልምምድ ዋጋ ለሚያውቅ ይህ ትልቅ ገንዘብ ነው። ኤምሬትስ ላይ በመኖሪያ ፈቃድ የሚኖር ኢትዮጵያዊ በአገሩ ካርድ መንዳት አይችልም፤ ሆኖም ዱባይ «ወርቃማ ዕድል» በሚባለው አሠራር ያለ ትምህርት አንድ ጊዜ እንዲፈተን ትፈቅዳለች። እሱም የሚሠራው የአገሩ ካርድ በሕይወት ካለ ነው።

የአገር ቤቱን አሠራር ስናነሳ ሠራተኛውን ለመውቀስ አይደለም። በቀን መቶ ሰው ፊቱ ተሰልፎ፣ ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት የተከፈተ ፋይል ፈልግ የሚባል ሰው ሥራው ከባድ ነው። የሚያስቆጨው መፍትሔው ቅርብ መሆኑ ነው። ፓስፖርት በኢንተርኔት ይጠየቃል፣ ፋይዳ ሰውየውን በጣቱ ይለየዋል። የነጂውን መዝገብ ከፋይዳ ቁጥሩ ጋር አስሮ ማረጋገጫውን በኪውአር ኮድ ማውጣት ቢቻል፣ የቶሮንቶው ሠራተኛ ስልኩን አውጥቶ በአሥር ሰከንድ ያየዋል። ውክልናም፣ የመደርደሪያ ፍለጋም፣ ጉዳይ አስፈጻሚም ይቀራል። በሺህ የሚቆጠር ሹፌር ልፋቱን ይዞ ይሰደዳል እንጂ ጥሎት አይሰደድም።

እስከዚያው ለዕረፍት አገር ቤት የሚገባ ሰው ሥራውን በቅደም ተከተል ይያዝ። በመጀመሪያው ሳምንት ፋይዳ ይመዝገብ፤ ከዚያ የጤና ምርመራ፣ ከዚያ ያልተከፈለ ቅጣት ካለ ከፍሎ ደረሰኙን መያዝ፣ ከዚያ እድሳቱ። ካርዱ እንደተሰጠው የማረጋገጫ ደብዳቤውን እዚያው ይጠይቅ፣ ውጭ ጉዳይ ወስዶ ያረጋግጠው። ሁለት ቅጂ ያስወጣ፤ አንዱን የሚነዳበት አገር መሥሪያ ቤት ያስቀረዋል፣ ሌላውን ኢንሹራንሱ ይጠይቃል። ይህን ለመጨረሻው ሳምንት ያስቀመጠ ሰው ደብዳቤው ሳይፈረም አውሮፕላን ይሳፈራል።